በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ መመለስና የመልሶ ማስገቢያ ክፍያ

በመርካቶ ሱቆች ግድግዳ ላይ፣ አንዳንዴም በደረሰኙ ግርጌ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ነው። ማስታወቂያው ጨካኝ ቢመስልም የራሱ አመክንዮ አለው፤ ገዢው ጨርቁን ዳብሶ፣ ጫማውን ለክቶ፣ ራዲዮኑን አስከፍቶ ሰምቶና በዋጋው ተከራክሮ ነው ገንዘቡን የቆጠረው። በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ግን ፎቶግራፍ አይቶ ይከፍላል፤ ዕቃውን የሚዳብሰው ካርቶኑ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የብዙ አገሮች ሕግ አውጪዎች በርቀት ለሚፈጸም ሽያጭ የተለየ የመመለሻ መብት የደነገጉት ይህን ክፍተት አይተው ነው። መብቱ ግን በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረትና በእስራኤል ሕግ የሰጠው ነው፤ በአሜሪካ በአብዛኛው ሻጩ በገዛ ፈቃዱ የሚገባው ቃል ነው፤ በኢትዮጵያ የሸማቾች አዋጅ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ዕቃው ጉድለት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው። ከሚመለሰው ገንዘብ ላይ የሚቆረጠው ክፍያ ክርክር የሚያስነሣውም፣ የሚሸነፈውም ሆነ የሚረታው በዚሁ ልዩነት መሠረት ነው።

ክፍያው ምንድን ነው?

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ስሙ «ሪስቶኪንግ ፊ» የሚሉት፣ በዚህ ጽሑፍ መልሶ የማስገቢያ ክፍያ የተባለው ገንዘብ፣ ሻጩ ዕቃውን ተረክቦ ሒሳብ ሲመልስ ለራሱ የሚያስቀረው ድርሻ ነው። ሻጮች የሚሰጡት ምክንያት ሐሰት አይደለም። ካርቶኑ የተከፈተ ኮምፒውተር እንደ አዲስ አይሸጥም፤ ሠራተኛ ይፈትሸዋል፣ የቀድሞው ገዢ የጫነውን ያጠፋል፣ ገመዱንና መመሪያውን ይቆጥራል፣ መልሶ ያሽገዋል፣ ከዚያም በቅናሽ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ክፍያው በኤሌክትሮኒክስ፣ በትልልቅ የቤት ዕቃዎችና በልዩ ትእዛዝ በሚመጡ ነገሮች ላይ ይበዛል፤ በልብስና በጫማ ላይ ብዙም አይታይም።

ችግሩ ያለው በስሌቱ ነው። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከዋጋው ከ10 እስከ 25 በመቶ ሆኖ ይተመናል። 15 በመቶ የሚቆርጥ ሻጭ በ200 ዶላር ካሜራ ላይ 30 ዶላር፣ በ2,000 ዶላር ካሜራ ላይ ደግሞ 300 ዶላር ያስቀራል። ሁለተኛውን ካሜራ ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ሠራተኛ ግን አሥር አይደለም። በእርግጥ የተከፈተ ዕቃ ዋጋው ሲወርድ የሚወርደውም በመቶኛ ስለሆነ ሻጩ ፈጽሞ ሐቅ የለውም ማለት አይቻልም። ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ማሸጊያው እንደ ታሸገ የተመለሰ ዕቃ ላይ ያው 15 በመቶ ሲቆረጥ ግን ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ዓይነት መመለስ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ዕቃው ደህና ሆኖ ገዢው ሐሳቡን ሲቀይር ነው። ሁለተኛው ዕቃው የተሰበረ፣ የማይሠራ ወይም ከታዘዘው የተለየ ሲሆን ነው። መልሶ የማስገቢያ ክፍያ ተገቢ ቦታው አንደኛው ላይ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ውሉን ያጎደለው ሻጩ ነውና ለራሱ ጥፋት ገዢውን ሊያስከፍል አይገባም። በተግባር ግን ሁለቱ የሚደባለቁት ገዢው በሚሞላው ቅጽ ላይ ነው። የመመለሻ ቅጹ ምክንያት ምረጥ ሲል ብዙ ሰው በችኮላ «አላስፈለገኝም» የሚለውን ይነካል። ስክሪኑ ተሰንጥቆ የደረሰው ሰው ይህን ከመረጠ በራሱ ላይ ምስክርነት ሰጠ ማለት ነው። በተቃራኒው ደህናውን ዕቃ «ተበላሽቷል» ብሎ መላክ ማታለል ነው፤ ሻጩም ሲፈትሽ ይደርስበታል።

አሜሪካ፦ የሌለው የሦስት ቀን ሕግ

በአሜሪካ ማንኛውንም የተገዛ ዕቃ በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚለው እምነት በሰፊው ይነገራል፤ ስሕተት ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሦስት የሥራ ቀን ደንብ የሚመለከተው በዋናነት ሻጭ ገዢው ቤት ድረስ መጥቶ ወይም እንደ ሆቴል አዳራሽ ባለ ጊዜያዊ ቦታ የሚፈጽመውን ሽያጭ ነው። በኢንተርኔት የተፈጸመ ግዢን አይሸፍንም። ደህና ዕቃን የመመለስ አጠቃላይ የፌዴራል መብት የለም፤ ያለው ሻጩ ራሱ የጻፈው ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው ሕግ ባይሆንም ከተጻፈና ገዢው ከመክፈሉ በፊት እንዲያየው ከተደረገ የውሉ አካል ይሆናል።

ክፍለ ግዛቶቹ ጣልቃ የገቡት በዚሁ «እንዲያየው ከተደረገ» በሚለው ነጥብ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ፣ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሙሉ ገንዘብ የማይመልስ ወይም ዕቃ የማይለውጥ ቸርቻሪ ይህንን በግልጽ ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ ገዢው ዕቃውን በ30 ቀናት ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። በኒውዮርክም ነጋዴው የመመለሻ ፖሊሲውን፣ የሚቆርጠው ክፍያ ካለም መጠኑን ጭምር፣ መለጠፍ ይጠበቅበታል፤ ይህን ያላደረገ ነጋዴ ያልተጠቀሙበትንና ያልተጎዳውን ዕቃ በ30 ቀናት ውስጥ የመቀበል ግዴታ ይወድቅበታል። ሁለቱም ሕጎች ክፍያውን አይከለክሉም፤ የሚከለክሉት ድብቅነቱን ነው። ስለዚህ የገዢው ምርጥ ማስረጃ በገዛበት ዕለት የነበረው የፖሊሲ ገጽ ቅጂ ነው። ገጹ ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ሊል ይችላል።

ዕቃው ጉድለት ካለበት ነገሩ ይለወጣል። ከሉዊዚያና በስተቀር ሁሉም ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የወጥ የንግድ ሕጉ የሽያጭ ክፍል፣ ከውሉ ጋር የማይገጥም ዕቃ የደረሰውን ገዢ በተገቢው ጊዜ ለሻጩ አሳውቆ እንዳይቀበል ይፈቅድለታል። «ተገቢው ጊዜ» የሚለው ሐረግ ቀን አልተቆረጠለትም፤ ሳጥኑን ሳይከፍቱ ሁለት ወር ማስቀመጥ ግን ተገቢ ነው ብሎ መከራከር ከባድ ነው። ዕቃው ጭራሹን ካልመጣ ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አለ፤ ሻጩ በገባው ቃል መሠረት፣ ቀን ካልጠቀሰም በ30 ቀናት ውስጥ ካልላከ፣ ገዢውን አሳውቆ ትእዛዙን የመሰረዝና ገንዘቡን የማግኘት ምርጫ ሊሰጠው ይገባል።

ከሻጩ ጋር መግባባት ሲያቅት የመጨረሻው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የክሬዲት ካርዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያልደረሰ ወይም በስምምነቱ መሠረት ያልቀረበ ዕቃ የተከፈለበትን ሒሳብ እንደ ሒሳብ ስሕተት ቆጥሮ ገዢው እንዲከራከር ይፈቅዳል። አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ ስሕተቱ የታየበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀናት ውስጥ ለካርዱ አውጪ መድረስ አለበት። አውጪው በ30 ቀናት ውስጥ መቀበሉን ያሳውቃል፤ በሁለት የሒሳብ ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀናት፣ ይወስናል። እስከዚያ ገዢው የተከራከረበትን መጠን አለመክፈል ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ዕዳውን ያልከፈለ ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም።

ይህ መንገድ ኃይለኛ ቢሆንም ሁሉን አይፈታም። ዕቃው ደህና ከሆነ፣ ክፍያው በገጹ ላይ በግልጽ ተጽፎ ከነበረና ገዢው ተስማምቶ ከከፈለ ባንኩ ለሻጩ ይፈርዳል። ገዢው የሚረታው፣ ሻጩ ካሳወቀው በላይ ሲቆርጥ፣ ጉድለት ባለበት ዕቃ ላይ ክፍያ ሲጥል፣ ወይም ዕቃውን ተረክቦ ገንዘቡን ሳይመልስ ሲቀር ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ወረቀቶች ጥቂት ናቸው፤ የትእዛዙ ማረጋገጫ፣ የዕለቱ ፖሊሲ፣ ሳጥኑ ሲከፈት የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ከሻጩ ጋር የተደረገው የጽሑፍ ልውውጥ፣ ዕቃው ሻጩ እጅ መድረሱን የሚያሳየው የፖስታ መከታተያ ቁጥር። በስልክ የተነገረ ቃል ኪዳን ከእነዚህ መካከል አይቆጠርም። በዴቢት ካርድ የከፈለ ሰው ደግሞ ይህ የ1974 ሕግ አይደርስለትም፤ ባንኩ በካርድ ድርጅቱ ደንብ ሊረዳው ይችላል፣ ያ ግን የሕግ መብት አይደለም።

አውሮፓ፦ ፍራሹና ሱሪው

በአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2014 ጀምሮ የሚሠራበት የሸማቾች መብት መመሪያ፣ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃው ከደረሰው ቀን አንሥቶ በ14 ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ውሉን እንዲተው ይፈቅዳል። ሻጩ ስለዚህ መብት ሳይነግረው ከቀረ ጊዜው በ12 ወር ይረዝማል። የሚመለሰው ሙሉ ዋጋውና መደበኛው የመላኪያ ወጪ ነው፤ ዕቃውን መልሶ የመላኩ ወጪ ሻጩ አስቀድሞ እስካሳወቀ ድረስ በገዢው ላይ ይወድቃል። ሕጉ ከዘረዘራቸው ውጭ ገዢው ምንም ሌላ ወጪ እንዳይጫንበት ስለሚደነግግ፣ ለመብቱ መጠቀሚያ የሚቆረጥ መልሶ የማስገቢያ ክፍያ በዚያ ቦታ የለውም።

ሻጩ የሚከራከርበት ቀዳዳ ሌላ ነው። ገዢው ዕቃውን ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ከሚያስፈልገው በላይ ተጠቅሞበት ዋጋው ከወረደ፣ የወረደውን ያህል ይቀነስበታል። መለኪያው በሱቅ ውስጥ የሚፈቀደው ነው፤ ጫማን ምንጣፍ ላይ መለካት ይቻላል፣ ለብሶ ሠርግ መሄድ አይቻልም። ለንጽሕና ሲባል የታሸገ ዕቃ ማሸጊያው ከተቀደደ፣ በልክ የተሠራ ልብስ፣ ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከመብቱ ውጭ ናቸው። በዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ደስ የሚል ፍርድ ሰጥቷል። አንድ ጀርመናዊ በኢንተርኔት የገዛውን ፍራሽ ላስቲኩን ከገፈፈ በኋላ ለመመለስ ጠየቀ፤ ሻጩ የንጽሕና ዕቃ ነው ብሎ እምቢ አለ። ፍርድ ቤቱ ፍራሽን ከልብስ ጋር አመሳሰለው፤ ሰው የለካው ሱሪ ታጥቦ እንደሚሸጥ ሁሉ ፍራሽም ጸድቶ መሸጥ ይችላል፣ ስለዚህ ይመለሳል አለ። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2026 ጀምሮ ውል የሚፈጸምበት ድረ ገጽ ውሉን ለመተውም ግልጽ ቁልፍ እንዲያስቀምጥ የኅብረቱ አዲስ መመሪያ ያዝዛል።

ብሪታንያ ከኅብረቱ ብትወጣም የ14 ቀኑን ሕግ ይዛ ቀርታለች፤ ጉድለት ላለበት ዕቃም በ2015ቱ ሕግ የ30 ቀን የመመለሻ ጊዜ ትሰጣለች።

እስራኤል፦ ጣሪያ ያለው ክፍያና የአዲስ መጤዎች መብት

የእስራኤል ሕግ በአሜሪካና በአውሮፓ መካከል ቆሟል፤ ክፍያውን አልከለከለም፣ ግን ጣሪያ አበጅቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በርቀት የተገዛ ዕቃን ከደረሰ በ14 ቀናት ውስጥ ለመሰረዝ ይፈቅዳል። ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ ከሆነ ሻጩ ሊያስቀር የሚችለው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። በ1,500 ሼቄል ስልክ ላይ 75 ሼቄል፣ በ4,000 ሼቄል ማቀዝቀዣ ላይ ግን 200 ሳይሆን 100 ሼቄል ይሆናል። ምክንያቱ ጉድለት፣ ከተነገረው መለየት ወይም መዘግየት ከሆነ ክፍያ የለም፤ ዕቃውን የሚወስደውም ሻጩ በራሱ ወጪ ነው። በሕግ የሚገባውን ገንዘብ አልመልስም ያለ ነጋዴ ላይ ፍርድ ቤት ጉዳት ሳይረጋገጥ እስከ 10,000 ሼቄል ካሳ ሊፈርድ ይችላል።

ለኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያን በተለይ የሚጠቅም አንድ አንቀጽ አለ። ወደ አገሪቱ ከገቡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው አዲስ መጤዎች፣ እንዲሁም አካል ጉዳተኞችና 65 ዓመት የሞላቸው አረጋውያን፣ ለመሰረዝ 14 ቀን ሳይሆን አራት ወር አላቸው፤ ቅድመ ሁኔታው ሽያጩ ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር፣ በስልክም ይሁን በኤሌክትሮኒክ የመልእክት ልውውጥ፣ የተፈጸመ መሆኑ ነው። ቋንቋውን ገና በመማር ላይ ላለች እናት ስልክ ደውሎ በፈጣን ዕብራይስጥ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ላሳደረባት ጫና መልስ የሚሆን አንቀጽ ነው።

ኢትዮጵያና የሻንጣው መንገድ

በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ነው። እንግዲህ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ደህና ዕቃን በተመለከተ የሚያስኬድ ቢሆንም ጉድለት ላለበት ዕቃ ሕጉ ሌላ ቃል አለው። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ ግብይትን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቷል። ነገር ግን በቴሌግራም ገጽ ከሚሸጥ፣ ደረሰኝ ከማይቆርጥና ሱቁ የት እንደ ሆነ ከማይታወቅ ነጋዴ የተገዛ ዕቃ ላይ አዋጅ መጥቀስ አስቸጋሪ ነው። ገዢዎች ያገኙት መድኃኒት ቀላል ነው፤ ዕቃውን በሞተር ካመጣው ልጅ ፊት ከፍቶ መፈተሽ፣ ከዚያ መክፈል።

የውጭው ሕግና የአገር ቤቱ ገዢ የሚገናኙት በሻንጣ ነው። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ያለ ዘመድ ላፕቶፕ በኢንተርኔት ያዝዛል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል። የመመለሻው ቀን ግን መቆጠር የሚጀምረው ካርቶኑ በአሜሪካ ቤት ደጃፍ ከደረሰበት ዕለት ነው፤ ተጓዡ ቦሌ ሲደርስ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ አልፏል። አስቀድሞ ከፍቶ መሞከር ይሻል ነበር እንዳይባል፣ ስጦታው ላስቲኩ እንደ ተጠቀለለ እንዲደርስ ይፈለጋል፤ ከተከፈተ በኋላም ተቀባዩ ዓይነቱን ባይወደው 15 በመቶው ይቆረጣል። ሳይከፈት ከሄደ ደግሞ ጉድለቱ የሚታወቀው በሌላ አህጉር፣ ዋስትናው በማይሠራበት ጠረጴዛ ላይ ነው።