የበር ምደባ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ቦሌ

ወደ ደሴ የሚበር ሰው ትኬቱ ላይ ዲ.ኤስ.ኢ. የሚል መለያ ያያል። መለያው የደሴ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ በመኪና የሐረጎን ዳገት መውጣት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ «አውሮፕላኑ የት ይቁም?» የሚለው ብዙም አያከራክርም። የሚመላለሰው በብዛት ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አነስተኛ አውሮፕላን ነው። ደረጃው ከራሱ በር ጋር ይዘረጋል። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል።

ነገሩ የሚጠነክረው ቦሌ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ በረራ መቆሚያና መሳፈሪያ በር መስጠት የበር ምደባ ይባላል። በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ቀላል ነበር። በአንድ ጊዜ ቢበዛ አምስት አውሮፕላን መሬት ላይ ካለ አምስት በር ይበቃል። እንደ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ በመጡበት ቅደም ተከተል ማስገባት ነው። ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የኪው 400 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሜትር ገደማ ነው፤ የቦይንግ 777-300 ኢአር ወደ 65 ሜትር ይጠጋል። ትንሹ የትልቁ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ትልቁ የትንሹ ላይ አይገባም።

10 በረራ በ3 በር ለመመደብ 59,049 መንገድ አለ። 50 በረራና 20 በር ሲሆን ቁጥሩ 66 አኃዝ ይኖረዋል። ብዙዎቹ አይሠሩም፤ የሚሠሩትን አንድ በአንድ መሞከር ግን ለኮምፒውተርም አይሞከርም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ደህና ከሚመስል ምደባ ይነሳና ሁለት በረራዎችን ያቀያይራል፤ ከተሻለ ይይዘዋል። አንዳንዴ የባሰውንም ይቀበላል፤ አለዚያ አንድ ቦታ ተቸንክሮ ይቀራል።

«የተሻለ» ማለት ምንድነው? የቆዩት ጥናቶች አብዝተው የሚያዩት ተሳፋሪው የሚሄደውን ርቀት ነበር። እኔ ግን ከዚያ በፊት በአንድ በር በሚከታተሉ ሁለት በረራዎች መካከል የሚተወውን ትርፍ ደቂቃ አስቀድማለሁ። እሱ ካጠረ አንዱ በረራ ሲዘገይ የቀጣዩ በረራ በር ይቀየራል።

ከወሎ ተነስታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ አስቡ። በሩን ያገኘችው ሰው ጠይቃ ነው። ቁጥሩን በቃሏ ይዛ ተቀምጣለች። ድንገት ቢቀየር ማስታወቂያው ላይገባት ይችላል። ሒሳቡ ይህንንም መያዝ ይችላል። ለእያንዳንዱ የበር ለውጥ ቅጣት ይቀመጥለታል፤ መነሻ ሰዓቱ በቀረበ ቁጥር ቅጣቱ እየከበደ እንዲሄድ ይደረጋል።