የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ያለበት የጦር ሜዳ ዳዮራማ፦ ታሪኩ፣ አሠራሩና የጅማ ቁሳቁስ

ዳዮራማ አንድን ቦታና አንድን ቅጽበት በትንሽ መጠን ሠርቶ በመደብ ላይ የሚያሳይ የእጅ ጥበብ ነው። የጦር ሜዳ ዳዮራማ ወታደሮችን፣ ታንኮችንና ውጊያው የተካሄደበትን ቦታ አንድ ላይ ያመጣል። ሠሪዎች ደጋግመው ከሚመርጧቸው ትዕይንቶች አንዱ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓ ከተማ ወይም መንደር ይሆናል። ስለዚህ ሙያ በአማርኛ የተሰናዳ ጽሑፍ እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ዳሰሳ ታሪኩን ከመጻሕፍት፣ አሠራሩን ደግሞ ጅማ ውስጥ በሚገኝ ቁሳቁስ ከመሥራት የወሰደ ነው። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ

ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ከሠዓሊው ሻርል ቡቶን ጋር በ1822 ፓሪስ ውስጥ ዳዮራማ የተባለ ትርኢት ቤት ከፈተ። እዚያ ይታይ የነበረው የዛሬው ዓይነት ትንንሽ ሞዴል አልነበረም። ብርሃን በሚያሳልፍ ሰፊ ጨርቅ ላይ የተሳለ ሥዕል ነበር። ከፊትና ከኋላ የሚበራው ብርሃን ሲቀያየር ቀኑ የመሸ ወይም ጭጋጉ የተገፈፈ ይመስላል። ከታወቁት ትዕይንቶች አንዱ በኤድንብራ የሚገኘው የሆሊሩድ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በጨረቃ ብርሃን ነበር። ዳጌር ያንኑ ፍርስራሽ በዘይት ቀለም የሳለበት ሥዕል አሁን ሊቨርፑል በሚገኘው ዎከር የሥዕል ቤት ይታያል። ስለዚህ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ገና ከጅምሩ የዳዮራማ ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል። ትርኢት ቤቱ በ1839 ተቃጠለ።

ለጦር ሜዳ ሞዴል ግን እውነተኛው አባት እንግሊዛዊው መኮንን ዊልያም ሲቦርን ነው። በ1830፣ ናፖሊዮን በ1815 የተሸነፈበትን የዋተርሉን ጦር ሜዳ በሞዴል እንዲሠራ ታዘዘ። ሥራውን በወሬ አልጀመረም። ውጊያው በተካሄደበት ስፍራ ላይ ላ ኤ ሴንት በሚባለው የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ቀጥሎ በውጊያው ለነበሩ መኮንኖች ደብዳቤ ጻፈ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ክፍላችሁ የት ነበር? ከፊቱ የነበረውስ ጠላት? ማሳው ላይ ምን ዓይነት ሰብል ነበር? በመቶዎች የሚቆጠሩ መልሶች ደረሱት። መንግሥት ገንዘቡን ሲያቆምበት በራሱ ኪስና በብድር ቀጠለ፤ በ1838 ጨርሶ ለንደን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ሞዴሉ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ከ70,000 በላይ ትንንሽ ወታደሮችም አሉበት። ዛሬ የሚገኘው በለንደን ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ነው። ሲቦርን ያወጣውን ገንዘብ ሳያገኝ በ1849 አረፈ።

ስለዚህ ሞዴል አንድ ክርክር አለ። ሲቦርን ከእንግሊዝ ጎን የተዋጋውን የፕሩሲያን ጦር መጀመሪያ በብዛት አስቀምጦ በኋላ ቀንሶታል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ያደረገው የእንግሊዙ አዛዥ የዌሊንግተን ወገኖች ስለተጫኑት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ማስረጃውን መርምሮ በራሱ ያረመው ነው ባይ ናቸው። የትኛውም እውነት ይሁን፣ ሞዴል እንደ ታሪክ መጽሐፍ የሚያከራክር ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ባለው ረጅም ዘመን ከእርሳስ ብረትና ከቆርቆሮ የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮች በአውሮፓ ቤቶች ተስፋፉ።

የፕላስቲክ ዘመን

ዛሬ የምናውቀው ዳዮራማ የተወለደው ከፕላስቲክ ኪት፣ ማለትም ተገጣጥሞ ከሚሠራ የሞዴል ክፍሎች ስብስብ ጋር ነው። በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሞተር የሚሄድ የፓንተር ታንክ ሞዴል አወጣ። መጠኑ 1፡35፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ነበር። ይህ ቁጥር የመጣው ሞተሩና ባትሪ ድንጋዩ ውስጡ እንዲገባ ተብሎ ነው ይባላል፤ ኩባንያውም ታሪኩን እንደዚያ ነው የሚተርከው። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ የዘርፉ ደንብ ሆኖ ቀረ። ለትልልቅ የውጊያ ሜዳ 1፡72 ይመረጣል፣ 1፡48 ደግሞ በሁለቱ መካከል ነው።

ታንክን ብቻውን ከማስቀመጥ ወደ ታሪክ መናገር ያሸጋገረው አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ነው። በ1970ዎቹ የሞኖግራም ኩባንያ ኪቶች ውስጥ የሱን ዳዮራማዎች የሚያሳዩ ወረቀቶች ይገቡ ነበር። ብዙ ልጆች ሙያውን የተማሩት ከእነዚያ ወረቀቶች ነው። ፔይን በ2015 አረፈ። ቤልጂየማዊው ፍራንሷ ቨርሊንደን ሬዚን ከተባለ ፈስሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ የተሠሩ የፍርስራሽ ክፍሎችንና ዕቃዎችን በማቅረብ ይታወቃል። በ2001 ኪየቭ ውስጥ የተቋቋመው ሚኒአርት የፈረሱ ሕንፃዎችን፣ ቤተ ክርስቲያንንም ጨምሮ፣ በኪት መልክ ይሸጣል።

ለምን ቤተ ክርስቲያን?

ምክንያቱ ወታደራዊ ነው። በአንድ የአውሮፓ መንደር ውስጥ ከሁሉ የሚረዝመው የደወል ማማው ነው። ማማ ላይ የወጣ ተመልካች የመድፍ ተኩስ መምራት ይችላል። ስለዚህ የትኛውም ጦር ወደ መንደር ሲቃረብ ማማውን ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜም ይመታዋል።

በኖርማንዲ ሴን ሎ ከተማ የሆነው በቂ ምሳሌ ነው። ከተማዋ በሐምሌ 1944 በቦምብና በመድፍ ወድማ ነበር። የአሜሪካ ጦር ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው የሞተው ሻለቃ ቶማስ ሃዊ አስከሬኑ በባንዲራ ተሸፍኖ በሴንት ክሯ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ ተቀመጠ። የዚያ ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። የከተማዋ ትልቁ ኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ፊት ለፊቱ ከወደመ በኋላ እንደ ነበረ አልተመለሰም። ጉዳቱ እንዲታይ ሆኖ ነው የተጠገነው። ለሠሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ የተቆረጠው ግድግዳ ውስጡ ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ ይታያል።

ልኬቱ

በ1፡35 መጠን 1.75 ሜትር የሚረዝም ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 2.10 ሜትር የሆነ በር 6 ሴንቲ ሜትር ነው። 70 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 5.84 ሜትር የሚረዝም የሸርማን ታንክ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። 40 ሜትር የሆነ ማማ ግን 1.14 ሜትር ይመጣል፤ ይህ የትኛውም ጠረጴዛ ላይ አይመችም። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ሙሉውን ሕንፃ የማይሠሩት። አንድ ጥግ ይመርጣሉ፦ ሁለት ግድግዳ፣ አንድ ቅስት ያለው መስኮት፣ የማማው እግር። ቀሪውን ተመልካቹ በዓይነ ሕሊናው ይጨርሰዋል።

ግድግዳው እንዴት ይፈርሳል?

ጀማሪ ሠሪ ግድግዳ ሠርቶ እንደ ፈለገው ይሰብረዋል። ውጤቱ ሐሰት ይመስላል። ሕንፃው እንዴት እንደቆመ ያወቀ ሰው ብቻ ነው በትክክል የሚያፈርሰው።

የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሲመታ መጀመሪያ የሚሄደው ጣሪያው ነው። የጣሪያው እንጨት ይቃጠላል፣ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ግድግዳው ቀጥሎ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደካማውን መንገድ ይከተላል፤ ደካማው ደግሞ የመስኮቶቹ መስመር ነው። ማዕዘኖቹና ከውጭ በደጋፊ ግንብ የተያዙት ቦታዎች ይቆማሉ። ቅስት ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው ስለሚይዙት፣ ዙሪያው ወድሞ እንኳ ብቻውን ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚያሳምን ፍርስራሽ ጥግ ላይ ከፍ ብሎ በመስኮቱ በኩል ዝቅ ይላል።

ክምሩም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የወደቀው ጣሪያ ስለሆነ የከሰለው እንጨትና የተሰባበረው ክዳን ከሥር ነው። የግድግዳው ድንጋይ ከላዩ ይመጣል። በላዩ የኖራ ብናኝ ሁሉንም ያለብሳል። ይህን ተራ የጠበቀ ክምር በሩቅ ይለያል። ጥላሸቱ ደግሞ ከመስኮቱ በላይ ነው የሚቀባው፤ እሳት በመስኮት ወጥቶ ወደ ላይ ስለሚልስ ነው። ከመስኮቱ በታች ጥላሸት ካየህ ሠሪው አላሰበበትም።

በጅማ እንዴት ይሠራል?

ዝግጁ ኪት ጅማ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። ታንኩና ወታደሮቹ ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ይደርሳሉ። ሕንፃውና መሬቱ ግን ሙሉ በሙሉ እዚሁ ይሠራል፣ ከኪቱም የሚያንስ አይደለም። ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የማያውቅ የለም። በጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም የዚያ እጅ ምስክር ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ባለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አርክቴክቸር ይሰጣል፤ ለአርክቴክቸር ተማሪ ደግሞ ሞዴል መሥራት የዕለት ሥራው ነው። ለዚህ ሙያ የሚያስፈልገው እጅ እዚህ አለ።

ለግድግዳ ከዕቃ ማሸጊያ የሚወጣው ነጭ ፎም ይበቃል። ጥርብ ድንጋዩ በእርሳስ ይሰመራል፣ መስመሩ በደነዘዘ እስክሪብቶ ይጠለቃል። ከዚያ ጄሶ ከነጭ የአናጢ ኮላ ጋር ተደባልቆ ይቀባል። ድብልቁ እርጎ የመሰለ መሆን አለበት፤ ከወፈረ መስመሩን ይደፍነዋል። የተሰበረው የግድግዳ ጫፍ በምላጭ አይቆረጥም፣ በጣት ይቆነጠራል። ፎሙ በጣት ሲቆነጠር የሚወጣው ሸካራ ገጽ ጄሶ ሲጠጣ ቁርጥ ድንጋይ ይመስላል።

ለከሰለው የጣሪያ እንጨት የዋንዛ ስንጣሪ በሻማ ጫፉን ለብለብ ማድረግ ነው። ሰጋቱራ ከየእንጨት ቤቱ በነፃ ይገኛል፤ ተነፍቶ ቀለም ሲጠጣ ለአቧራና ለአፈር ይሆናል። የቡና አተላ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ደርቆ በኮላ ሲለጠፍ የተቃጠለ እርጥብ አፈር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ለመስኮቱ ባለ ቀለም መስታወት የኬክ ማሸጊያ ፕላስቲክ በማርከር ተቀብቶ በቀጭን ሽቦ ይከፈላል።

ትልቁ ጠላት ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ ጄሶው ቶሎ አይደርቅም፤ በደንብ ያልደረቀ አተላም ይሻግታል። አተላውን በብረት ምጣድ አምሶ ማድረቅ ይሻላል። ብዙ ሥራ የሚያልቀው ከጥቅምት በኋላ ነው።

ቀለሙ ከጥቁር ወደ ነጭ ይሄዳል። መጀመሪያ ሁሉም ጥቁር ቡናማ ይቀባል፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ በመጨረሻ ቀለሙ በጨርቅ የተጠረገለት ብሩሽ የድንጋዩን ጠርዝ ብቻ ይነካል። የጣሊያን ዘመን ግንቦች በከተማው መሀል ስላሉ፣ ልስን ከድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚላጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የኢትዮጵያ ትዕይንት

ከአውሮፓ ይልቅ የራስን ታሪክ መሥራት የሚፈልግ ሰው በጅማ ዙሪያ በቂ ነገር አለው። ጣሊያኖች ጅማን ከምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው ስድስት አስተዳደሮች የአንዱ መቀመጫ አድርገዋት ነበር። በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በኦሞ ወንዝ መሻገሪያዎች ከባድ ውጊያ ተደርጎ ከተማዋ ሰኔ 14 ቀን ነፃ ወጣች። የገረሱ ዱኪ አርበኞችም በዘመቻው ነበሩበት።

እዚህ ላይ የአውሮፓውን ፍርስራሽ መገልበጥ አይቻልም። ክቡ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው እንጨት፣ ጭቃና ሣር ነው። ሲቃጠል ሣሩ ወዲያው ይጠፋል፣ ምሰሶዎቹ ከስለው ይቆማሉ፣ የጭቃው ግድግዳ ደግሞ በእሳት ጠንክሮ ይቆይና በዝናብ ይናዳል። የድንጋይ ክምር አይኖርም። በመሀል ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው፤ ይህን ክብ አድርጎ የሚሠራ ስቷል።

መቅደስን ፈርሶ ማሳየት ይገባል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። አይገባም የሚሉ አሉ፣ ምክንያታቸውም የሚከበር ነው። በዚህ ጸሐፊ ዕይታ ሥራው የጦርነትን ጉዳት ለማሳየት እስከተሠራ ድረስ ነውር የለበትም። ታቦትና ንዋየ ቅድሳት ግን ፍርስራሽ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። በጦርነት ጊዜ ካህናት መጀመሪያ የሚያሸሹት እነሱን ስለሆነ፣ ይህ ለታሪኩም ይስማማል።

አቀማመጥ

ያለቀ ዳዮራማ በወፍራም የእንጨት መደብ ላይ ይጣበቃል። ስስ ኮምፔርሳቶ በእርጥበት ይጣመማል፣ ግድግዳውንም ይሰነጥቃል። ዙሪያው በመስታወት ካልተሸፈነ አቧራ ይገባበታል፤ በብሩሽ ሲጠረግ ደግሞ ትንንሾቹ ነገሮች ይረግፋሉ። በመደቡ ፊት ቦታው፣ ቀኑና መጠኑ ይጻፍ። በመኪና የሚጓዝ ከሆነ ታንኩ ከሥሩ በብሎን ይታሰራል፣ ወታደሮቹም ከእግራቸው በገባ ሽቦ ወደ መደቡ ይተከላሉ። በኮላ ብቻ የተያዘ ምስል ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ አይችለውም።