ኤፒስኮፕ ምንድን ነው?

የድሮ ፕሮጀክተር ሁሉ ኤፒስኮፕ ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። በቅርቡ ደግሞ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ያው የአስማት ፋኖስ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው» ሲል ሰማሁ። አይደለም።

የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ክርስቲያን ሁይገንስ እ.ኤ.አ. በ1659 ገደማ በሠራው የአስማት ፋኖስ ብርሃኑ መስታወት ላይ በተሳለው ሥዕል ውስጥ አልፎ ሌንሱ ጋ ይደርሳል። የኋላው ስላይድ (ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ ሥዕል) ማሳያም እንዲሁ ነው። ኤፒስኮፕ የሚያሳየው ግን የመጽሐፍ ገጽ፣ ሳንቲም ወይም ቅጠል ነው፤ በውስጡ የሚያልፍ ብርሃን የለም። ግድግዳው ላይ የሚደርሰው ከዕቃው ላይ ተበትኖ የተመለሰው ነው፤ ስለዚህ ምስሉ ብርሃን ያንሰዋል። (ኤፒዲያስኮፕ የሚባለው ሁለቱንም ስለሚሠራ እሱን ያደባለቀ ሰው ይቅር ይባላል።)

«ታዲያ አምፖሉን ማተለቅ ነው!» ይላሉ። እህል ከጆንያ ወደ ቁና ሲገለበጥ ጥቂት ቢፈስም አብዛኛው ይገባል፤ ስላይድ ማሳያ እንደዚያ ነው። ኤፒስኮፕ ግን አንዱ እህል በየአቅጣጫው ሲዘራ፣ ሌላው አንድ ቦታ ቆሞ በቁናው የደረሰለትን እንደሚቀበል ነው። የትኩረት ርቀቱ (ከሩቅ የመጣን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት) የስፋቱን አራት እጥፍ የሆነ ሌንስ ነጭ ወረቀት ከሚበትነው ብርሃን የሚደርሰው ከ65 አንድ እጅ ያህል ነው። ምስሉ በ10 እጥፍ ሲጎላ ደግሞ ያችው ጥቂት ብርሃን 100 እጥፍ በሚሰፋ ቦታ ላይ ትሰራጫለች። አምፖል ማተለቅ ዘሩን ማብዛት ነው፤ ከ65ቱ 64ቱ አሁንም ሜዳ ላይ ይቀራል። እህል ቢበዛ መሬቱን አያቃጥልም፤ የበረታ መብራት ግን ፖስትካርዱን ያኮማትረዋል። ስለዚህ የሚሻለው ቁናውን ማስፋት፣ ማለትም ትልቅ ሌንስ ማድረግ ነው። እሱም ዋጋ አለው፦ ሌንሱ በሰፋ ቁጥር የሳንቲሙ ፊት ጥርት ሲል የተቀመጠበት ጠረጴዛ ይደበዝዛል። ስሌቱም ለማያብለጨልጭ ወረቀት ነው፤ የሚያብለጨልጭ ፎቶ ካስቀመጣችሁ ምስሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሊጣል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1750ዎቹ የሒሳብ ሊቁ ሊዮንሃርድ ኦይለር በርሊን ሆኖ ይህን ሐሳብ ሲያነሳ የነበረው የዘይት መብራት ነው። ችግሩን ገምቱት። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዣክ ቻርልስ በ1780 ገደማ ለሠራው ሜጋስኮፕ (የኤፒስኮፕ ዓይነት ማሳያ) ወደ ፀሐይ ብርሃን መሄዱ አይገርምም።

ሌላው የሚረሳው ብርሃኑን የሚያንጸባርቀው የፊት መስተዋት ነው። ስላይድ ፊቱ ከዞረ ገልብጦ ማስገባት ይቻላል፤ የመጽሐፍ ገጽን ግን በጀርባው ብታስቀምጡት የምታዩት የጀርባውን ጽሑፍ ነው። በመንገዱ ላይ አንድ መስተዋት ከሌለ ፊደሉ ሁሉ ተገልብጦ ይነበባል። ለቤት የተሠሩ ርካሽ የፖስትካርድ ማሳያዎች መስተዋት የሌላቸው ነበሩ፤ የከተማውን ሥዕል አሳምረው አሳይተው ከሥሩ ያለውን ስም የኋሊት ያስነብቧችኋል። አልተበላሹም፣ አትፍቷቸው።