የአር ፓኬጅ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ «ፓኬጅ» ብትሉ ሰው ሁሉ የየራሱ ነገር ነው የሚመጣለት። ተማሪው የሞባይል ዳታ ያስባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የጤና ፓኬጆቿን ታስታውሳለች። ከባሶና ወራና የመጣው ገበሬ ደግሞ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይታየዋል።

እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አራተኛው ነው። ተመራማሪዎች «ዳታውን የሠራሁት በአር ነው፣ እንዲህ የሚባለውን ፓኬጅ ተጠቅሜ» ሲሉ ስለሚጠሩት ፓኬጅ። ከሦስቱ በጣም የሚቀርበው ለገበሬው ነው። የግብርና ፓኬጅ ዘር ብቻ አይደለም። ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ በመስመር እንዴት እንደሚዘራ የሚነግረው የልማት ሠራተኛ ምክር፣ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ፓኬጅ የሚባለው። የአርም እንዲሁ ነው። ስሌቱን የሚሠሩ ፈንክሽኖች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የተጻፉ ትእዛዞች፣ አሉት። እንዴት እንደሚሠራባቸው የሚያስረዳ ጽሑፍ አለው። ብዙ ጊዜም መለማመጃ የሚሆን ትንሽ ዳታ አብሮት ይመጣል።

አር ራሱ ስታትስቲክስ ለመሥራትና ግራፍ ለመሳል የተዘጋጀ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የጀመሩት ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኒውዚላንድ ውስጥ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። (ዓመቶቹን እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።) ከዚያ በፊት አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ውስጥ የተሠራ «ኤስ» የሚባል ቋንቋ ነበረ። የእነሱ ቋንቋ የእሱን መንገድ የተከተለ ነው። የሁለቱም ስም ደግሞ በእንግሊዝኛው «አር» ፊደል ይጀምራል። ስሙ ከዚያ መጣ። በ1995 ኮዱን፣ ማንም እንዲያየውና እንዲያስተካክለው በሚፈቅደው የጂኤንዩ ፈቃድ፣ ለሁሉም ለቀቁት። እትም 1.0.0 የወጣው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ነው።

አር ሲጫን መሠረታዊ ነገሮችን ይዞ ይመጣል። አማካይ ያወጣል፣ ሁለት አማካዮችን የሚያወዳድረውን ቲ ቴስት ይሠራል፣ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና የሚለካውን ሪግሬሽን ይሠራል። ከዚያ ያለፈ ልዩ ሥራ ሲመጣ ፓኬጅ ይጨመርበታል። ፓኬጆቹ የሚቀመጡበት ትልቁ ማከማቻ «ክራን» ይባላል። በ1997 ተጀመረ። ዛሬ ከ20,000 በላይ ፓኬጆች አሉበት።

እነዚህን ሁሉ አንድ ኩባንያ ተቀምጦ የሠራቸው አይደሉም። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይህ ነው። አብዛኞቹ አንድ ሰው የራሱ ሥራ ሲያስቸግረው የሠራቸው፣ ከዚያም «ለሌላውም ይሁን» ብሎ ያስቀመጣቸው ናቸው።

አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። «አግሪኮሌ» ይባላል። ቃሉ የላቲን ነው፣ «የገበሬ» እንደማለት። የሠራው ፌሊፔ ደ ሜንዲቡሩ የሚባል የፔሩ ሰው ነው። መነሻው ሊማ በሚገኘው ብሔራዊ የምህንድስና ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪው ያቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። እዚያው ሊማ ዓለም አቀፉ የድንች ምርምር ማዕከል አለ። የማዕከሉም የሙከራ ዳታ በፓኬጁ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ወደ እኛ ደጋ እንምጣ። አንድ ተማሪ ስድስት የገብስ ዝርያ ሊያወዳድር ነው እንበል። ማሳው ተዳፋት ነው። ታችኛው ጎን ጥቁር አፈር ስለሆነ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ላይኛው ቶሎ ይደርቃል። አንዱን ዝርያ ታች፣ ሌላውን ላይ ብቻ ቢዘራ የሚያወዳድረው ዝርያን ሳይሆን አፈርን ነው። ስለዚህ ማሳውን ብሎክ በብሎክ ይከፍለዋል። በየብሎኩ ስድስቱንም ዝርያዎች በዕጣ ይደለድላል። ዕጣውን አግሪኮሌ ያወጣለታል። ምርቱ ታጭዶ ከተመዘነ በኋላም የትኛው ዝርያ ከየትኛው በእርግጥ እንደሚበልጥ ያወዳድርለታል። በእኛ አገር የግብርና ቴሲሶች ላይ ከአማካዩ አጠገብ የምታዩዋቸው «ኤ»፣ «ኤቢ»፣ «ቢ» የሚሉ ፊደሎች የዚህ ዓይነቱ ንጽጽር ውጤት ናቸው። አንድ ፊደል የሚጋሩ ዝርያዎች ልዩነታቸው በቂ ማስረጃ አላገኘም ማለት ነው።

ፔሩም እንደኛ ደገኛ አገር ነው፣ የድንችና የተራራ አገር። እዚያ አንድ የማስተርስ ተማሪ የጀመረው ሥራ እዚህ ሌላ የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሌሎችም አሉ። የመንዝ በግ ግልገሎችን ክብደት የምታጠኑ ከሆነ ከአንድ አውራ የተወለዱት እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። እንደ ባዕድ ለየብቻ ልትቆጥሯቸው አትችሉም። ለዚህ «ኤል ኤም ኢ ፎር» የሚባል ፓኬጅ አለ። በቀበሌና በቤተሰብ ተመርጦ የተሰበሰበ የናሙና ዳታ ከሆነ ደግሞ «ሰርቬይ» የሚባለው የናሙናውን ክብደት፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጠያቂ ስንት ሰው እንደሚወክል፣ አስገብቶ ያሰላል።

አርና ፓኬጆቹ «ክፍት» ናቸው ይባላል። «ክፍት» ሲባል ብዙ ሰው «በነጻ» ማለት ይመስለዋል። እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳናል፤ በአንዲት «በ» ይለያቸዋል። «በነጻ» ያልተከፈለበት ነው። «ነጻ» ማንም ያላሰረው ነው። አር ሁለቱንም ነው። ሳትከፍሉ ታወርዱታላችሁ። ኮዱን ከፍታችሁ ማየት፣ ማስተካከል፣ ገልብጣችሁ ለጓደኛ መስጠትም ትችላላችሁ። ፈቃዱ ራሱ ይህን ይላል። በነጻ የሚወርድ፣ ውስጡ ግን የተቆለፈ ፕሮግራም ሞልቷል።

ማየት ይቻላል ስል የምሬን ነው። «ኤስዲ» የሚባል የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ፈንክሽን አለ፤ ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ ይለካል። ስሙን ያለ ቅንፍ ጻፉና ኢንተር ተጫኑ። አር አያሰላም። ይልቅ ፈንክሽኑ የተጻፈበትን ኮድ ያወጣላችኋል። ጥቂት መስመር ነው። ቫሪያንሱን አስልቶ ስኩዌር ሩቱን እንደሚወስድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህን ያሳየሁት አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ይሄን ማንም ሰው ማየት ይችላል እንዴ?» አለኝ። ይችላል። ገበያ ላይ እህል ስትገዙ ሚዛኑን እያያችሁ ነው የሚመዘንላችሁ። ከመጋረጃ ጀርባ መዝኖ «ይኸው 50 ኪሎ» ከሚል ነጋዴ አትገዙም። የቴሲሳችሁን ቁጥርም እንዲያ ነው ማየት ያለባችሁ።

ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። የማስተርስ ዳታዬን የሠራሁት ክራክ በተደረገ ፕሮግራም ነበር። ከጓደኛ ፍላሽ ገለበጥኩት። ያኔ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንሠራው። ዲፌንስ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ፕሮግራሙ አልከፍትም አለ። ፋይሎቹም ያለ እሱ አልከፈት አሉ። የቀረኝ በወረቀት ያተምኩት ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ፈታኙ አንዷን ቁጥር በጣቱ ነክቶ «ይህቺን እንዴት አገኘሃት?» አለኝ። ከወራት በፊት የትኛውን ምናሌ ከፍቼ ምን እንደተጫንኩ አላስታወስኩም። ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ እስካሁን አለች።

በአር ስትሠሩ ትእዛዞቻችሁ ስክሪፕት በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ። ዳታው ከየት እንደገባ፣ የትኛው የዳታ መስመር እንደተሰረዘ፣ የትኛው ቴስት እንደተሠራ፣ ሁሉም ተጽፏል። ከዓመት በኋላ ያው ስክሪፕት ያው ዳታ ላይ ሲሠራ ያንኑ ቁጥር ማውጣት አለበት። ለፈታኝም፣ ለአማካሪም፣ ለራሳችሁም መልስ ነው።

ስለ አጫጫኑ ብዙ አልልም። «ኢንስቶል ፓኬጅስ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ በቅንፍ ውስጥ፣ በትእምርተ ጥቅስ፣ የፓኬጁን ስም ታስገባላችሁ። ይህ አንዴ ነው። «ላይብረሪ» የሚለው ግን አር በከፈታችሁ ቁጥር ያስፈልጋል። ጀማሪዎችን የሚያስለቅሰው ይህ ነው። ትናንት ሠርቶ ዛሬ «ፈንክሽኑን አላገኘሁትም» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ብዙ ጊዜ የተረሳው «ላይብረሪ» ነው። ፓኬጁ አልጠፋም።

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ላላችሁ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ ፓኬጁን ከክራን በዚፕ ፋይል አውርዳችሁ በፍላሽ ወስዳችሁ መጫን ትችላላችሁ። ብቻ አንድ ፓኬጅ ሌሎች ፓኬጆችን ይደገፋል። የሚደገፍባቸውን ዝርዝር ከክራን ገጹ ላይ አይታችሁ አብራችሁ አውርዱ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ከደረሳችሁ በኋላ አንዱ እንደጎደለ ብታውቁ ያናድዳል።

ክፍት ነው ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ይከነክነኛል። አር ራሱ በተከፈተ ቁጥር ምንም ዓይነት ዋስትና እንደሌለው ይነግራችኋል። ክራን ፓኬጁ ሳይሰበር መጫኑንና መሥራቱን ይፈትሻል። ከጀርባው ያለው ስታትስቲክስ ለእናንተ ዳታ መሆን አለመሆኑን ግን አይፈትሽም። ያ የእናንተ ኃላፊነት ነው። እትምም ይለያያል። እስከ 2020 ድረስ አር ጽሑፍ ያለበትን ዓምድ ከፋይል ሲያነብ በራሱ ወደ ምድብ ይቀይረው ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው 4.0.0 ይህ ቀረ። የድሮ ስክሪፕት በአዲሱ ላይ ሌላ ነገር ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ በቴሲሳችሁ የአሩንም የፓኬጁንም እትም ጻፉ። የፓኬጁን ሠሪም ጥቀሱ። «ሳይቴሽን» የሚል ትእዛዝ አለ፤ እንዴት እንደሚጠቀስ አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። ሰው በነጻ የሰጠንን ሥራ ስሙን ሳንጠራ መጠቀም ነውር ነው።

ኮድ መጻፍ የሚያስፈራችሁ «ጃሞቪ» እና «ጃስፕ» የሚባሉትን ሞክሩ። በመዳፊት ነው የሚሠሩት፣ ክፍት ናቸው፣ ከውስጥ የሚያሰላላቸውም አር ነው።

አምና አንዲት የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ከኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ጋር ትታገል ነበር። የ2016ቱን ነው። የልጆቹን ልደት ከዝናብ መረጃ ጋር ልታገናኝ ፈለገች። ውጤቱ ግን ምንም ትርጉም አልሰጥ አለ። ዳታው ቃለ መጠይቁን 2008 ይለዋል። እሷ የ2008 እ.ኤ.አ. ዝናብ ወሰደች። የኢትዮጵያ ዳታ ቀኑን የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። መስከረም 2008 ማለት ሴፕቴምበር 2015 ነው፤ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር፣ በወር 92 ነው። የልጁ ዕድሜ አይበላሽም፣ ልደቱም ቃለ መጠይቁም በእኛው አቆጣጠር ስለሆኑ። የሚበላሸው ከውጭ መረጃ ጋር ሲያገናኙት ነው።

92 ወር የሚጨምር ፈንክሽን ጻፈች። ጥቂት መስመር ነው። ከሥሩ አጠቃቀሙን በአማርኛ አስረዳች። መሞከሪያ የሚሆኑ አሥር ቀኖችም ጨመረች። በፍላሽ ለክፍል ጓደኞቿ አዳረሰችው። በኋላ አንዱ ከጤና ጣቢያ ካርድ የሰበሰበውን ልደት ሲያስገባ ጳጉሜን የተወለደ ልጅ ላይ ተበላሸበት። ኮዱን ከፍቶ አየው። አሥራ ሦስተኛው ወር የለበትም። ደውሎ ነገራት፣ አስተካከለችውና አዲሱን ፋይል ላከችለት።