በባሌ ተራሮች በፈረስ መጓዝና ጫካ ውስጥ ማደር

የባሌን ተራሮች በፈረስ መዞር ለሚፈልግ ሰው ሁለት ዋና መነሻዎች አሉ። አንዷ ዶዶላ ናት። በምዕራብ አርሲ ዞን፣ ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ሌላዋ ዲንሾ ናት፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ። ከዶዶላ የተነሳ መንገደኛ ጫካ ውስጥ በተሠሩ ማረፊያ ቤቶች ያድራል። ከዲንሾ የተነሳው ድንኳኑን አስጭኖ ይሄዳል። በሁለቱም በኩል ፈረሱም፣ ባለፈረሱም፣ መንገድ መሪውም የአገሬው ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፈረሱ

ኢትዮጵያ በፈረስ ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በ2012 የታተመ ጥናት የአገሪቱን ፈረሶች በዓይነት ሲለይ የባሌን ፈረስ ራሱን አስችሎ አስቀምጦታል። ቁመቱ ከውጭ ፈረስ ጋር ሲተያይ አጭር ነው። ዳገት ላይ ግን የሚወዳደረው የለም። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ኮቴውን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል፤ ልጓሙን ላላ አድርጎ ለእሱ መተው ነው። ለአርሲና ለባሌ ኦሮሞ ፈረስ ጌጥ ብቻ አይደለም። ገበያ የሚወጣው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ሰርግ የሚያደምቀው በፈረስ ነው። የድሮው እርካብ የእግር ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ ቀለበት ነው። በባዶ እግር ለሚጋልብ ሰው ይመቻል፤ ቦት ጫማ ያደረገ እንግዳ ግን ሰፋ ያለ እርካብ መጠየቅ አለበት።

ቀደም ባለው ዘመን

ሰው በእነዚህ ተራሮች ላይ ማደር የጀመረው ዛሬ አይደለም። በፊንጫ ሀበራ በሚገኝ የዋሻ መጠለያ የተካሄደ ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ውጤቱ የታተመው በ2019 ነው። ከብት በየወቅቱ ወደ ደጋውና ወደ ደኑ የሚነዳበት ጎዳንቱ የተባለው ልማድም የቆየ ነው። ፓርኩ የተመሠረተው በ1970 ነው።

ዶዶላ፦ ደንና ፈረስ

የዶዶላው ጉዞ የተወለደው ከደን ጥበቃ ነው። በ1995 በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በጂቲዜድ ድጋፍ የአዳባ–ዶዶላ የተቀናጀ የደን አስተዳደር ፕሮጀክት ተጀመረ። ያኔ ደኑ በወረቀት የመንግሥት ነበር፤ በተግባር ግን የማንም አልነበረም። ጥዱና ኮሶው ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያና ለሽያጭ ይቆረጣል። እርሻውም ከሥር ከሥር እየገፋ ይወጣል። የፕሮጀክቱ መነሻ ሐሳብ ጫካ ውስጥ የሚኖረው ሰው መብት ካላገኘ ጫካውን የሚጠብቅለት የለም የሚል ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር።

በ2000 የመጀመሪያው ዋጂብ ተቋቋመ። ዋጂብ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለአንድ ቤተሰብ በአማካይ 12 ሄክታር ያስፈልጋል፤ አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ የአንድ ማኅበር ይዞታ እስከ 360 ሄክታር ይደርሳል። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል፤ የደን ኪራይም ይከፍላል። በምላሹ በደኑ የመጠቀምና ሌላውን የመከልከል መብት ያገኛል። የደኑ ሽፋን እንዳይቀንስ ማድረግ ደግሞ ግዴታው ነው። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች በማኅበራቱ ይዞታ ደኑ ሲያገግም፣ ከይዞታቸው ውጭ ያለው እየሳሳ መሄዱን መዝግበዋል።

የፈረስ ጉዞው የታሰበው ከዚሁ ጋር ነው። እንጨት ከመሸጥ ሌላ ገቢ ያስፈልግ ነበር። ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አደሌ፣ ሞሎሊቾ፣ ዱሮ በተባሉ ቦታዎች ማረፊያ ቤቶች ተሠሩ። አብዛኞቹ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በፈረስ የአንድ ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ መንገድ ነው። አልጋና የማብሰያ ዕቃ አላቸው፤ ቤት ጠባቂም አለ። ፈረስ የሚያከራዩት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ገንዘቡ ለአስጎብኚው፣ ለባለፈረሱና ለቤት ጠባቂው ይደርሳል። ደኑን ያዳነው የጉዞው ገቢ ነው ወይስ የማኅበሩ መብት በሚለው ላይ አስተያየቱ የተለያየ ነው። ገቢው ብቻውን ያን ያህል ላይሆን ይችላል። በአገራችን የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሲነሳ ግን ዶዶላ ፋና ወጊ መሆኗን መካድ አይቻልም።

ጭነትና አዳር

ጠዋት ከመጫኑ በፊት ባለፈረሱ እጁን በፈረሱ ጀርባ ላይ ያሳልፋል። ያበጠ ቦታ ካለ፣ ወይም ፈረሱ ሲነካ ከደነገጠ፣ ያ ፈረስ በዚያ ቀን አይጫንም። ገጣባ፣ ማለትም የጀርባ ቁስል፣ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከዚያ ከኮርቻው ሥር የሚገባው ጨርቅ፣ ግላሱ፣ ይነጠፋል፤ እጥፋት እንዳይኖረው በእጅ ይዳበሳል። ጭነቱ ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጎን ከከበደ ኮርቻው ይዞራል፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ ፈረሱም ዕቃውም አብረው ይሄዳሉ። ግማሽ ሰዓት ከተጓዙ በኋላ ቆም ብሎ ማሰሪያውን እንደገና ማጥበቅ የግድ ነው፤ ጭነቱ እየሄደ ይላላል።

ማታ ፈረስ ከዛፍ ግንድ ጋር በቀጥታ አይታሰርም። ሲቁነጠነጥ ልጡን ይልጠዋል፤ ሥሩን በኮቴው ይቆፍረዋል። በሁለት ዛፎች መካከል ገመድ ከፍ አድርጎ ወጥሮ በዚያ ላይ ማሰር ይሻላል። አለበለዚያ ፊት እግሩን ቀይዶ ሣር ላይ መልቀቅ ነው። ምንጭ አጠገብ ግን አይታደርም፤ ፋንድያው ውኃውን ያበላሸዋል። በአካባቢው ጅብ ስላለ ባለፈረሱ ከድንኳኑ ርቆ አይተኛም። ፈረስ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ የማደሪያው ቦታ የሚመረጠው መጀመሪያ በሰው ምቾት ሳይሆን በውኃና በሣር ነው።

ከዲንሾ የሚነሳው መንገድ

ከዲንሾ ወደ ወይብ ሸለቆ ይወጣል። የፊንጫ ሀበራ ፏፏቴና ሶዶታ በዚህ መስመር ላይ ናቸው። ከዚያ ወደ ራፉና ወደ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ይቀጥላል። ጥዱና ኮሶው ያልቃል፤ አስታ የተባለው ቁጥቋጦ ይተካል፤ ከአስታው በላይ ጅብራ የተባለው ረጅም ተክል የቆመበት ሜዳ ነው። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ ብዙዎች ከራስ ዳሽን ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ ከፍተኛ ተራራ ይሉታል። ከፈረስ ላይ ቀይ ቀበሮን ማየት ብርቅ አይደለም። ከብትና ፈረስ የለመደ እንስሳ ነው፤ ከመንጋው መካከል እየተሽሎከለከ አይጥ ያድናል። ከዓለም ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ባሌ ናቸው። የደጋ አጋዘንም በዲንሾ ጫካና በጋይሳይ ሜዳ በቀላሉ ይታያል። በ2023 ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ይገባዋልም።

አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ የግጦሽ ነገር ነው። ፓርኩ ውስጥ የሚሰማራው ከብትና ፈረስ ሣሩን እንደሚጎዳ፣ ከእረኛ ጋር የሚመጣው ውሻም የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ እንደሚያስተላልፍ ተመራማሪዎች ያሳስባሉ። ነዋሪው በበኩሉ ግጦሹ ከፓርኩ በፊት የነበረ መብቱ ነው ይላል። ጭነት የያዙ ጥቂት ፈረሶች ለብቻቸው የሚያደርሱት ጉዳት አነስተኛ ነው። ቢሆንም ተጓዡ ለፈረሱ ገብስ ይዞ ቢወጣ፣ እንጨት ከማንደድ ይልቅ በጋዝ ምድጃ ቢያበስል፣ የማደሪያውንም ቦታ ቢቀያይር ሣሩ ፋታ ያገኛል።

ለጉዞ የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ሌሊቱ ግን ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በዝናቡ ወራት የጫካው መንገድ ጭቃ ይሆናል። ፈረሱ ይንሸራተታል፤ የረጠበ ግላስም ጀርባ ይልጣል። በዚያ ወቅት የሚሄድ ሰው መንገዱን ማሳጠርና ከዋሆሮ ወይም ከሌላ ቅርብ ማረፊያ አለማለፍ ይበጀዋል።