ሂፕ ሂንጅ ምንድን ነው? ዴድሊፍት ላይ ወገብን የሚያተርፈው እንቅስቃሴ

ዴድሊፍትን፣ ማለትም ክብደት የተጫነበትን ባር (ረጅም የብረት ዘንግ) ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆምን፣ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ሁሌም ያው ነው፤ "ወገብ ይጎዳል" ይባላል። እኔ ግን ዴድሊፍት ሊለመድ የሚገባው እንቅስቃሴ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የዳሌን ሥራ ለወገብ መስጠታችን ነው። ሂፕ ሂንጅን ያልለመደ ሰው ባሩን ከመሬት ለማንሳት ሲጎነበስ የሚታጠፈው ከወገቡ ነውና።

ሂፕ ሂንጅ ማለት ከዳሌ መገጣጠሚያ መታጠፍ ነው። መቀመጫ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ደረት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ጉልበት በመጠኑ ይታጠፋል፣ አከርካሪ ግን ቅርፁን አይቀይርም። ስኳት ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ጉልበትም ዳሌም በደንብ ታጥፈው ወደ ታች ቁጭ እንላለን። ዴድሊፍት ላይ ዋናውን ኃይል የሚያወጡት የመቀመጫና የኋላ ጭን ጡንቻዎች ናቸው፤ የፊት ጭንም ባሩ ከመሬት ሲላቀቅ ያግዛል። የወገብ ጡንቻ ድርሻው ሌላ ነው፤ አከርካሪው እንዳይታጠፍ አጥብቆ መያዝ።

ይህ ለምን አስፈለገ? ከባድ ሸክም ይዘን ከወገብ ስንጎብጥ በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ በፊት በኩል ይጨመቃል፣ በኋላ በኩል ይወጠራል። ነርቮቹ ያሉት ደግሞ በኋላ በኩል ነው። እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም፤ ጀርባ ትንሽ ጎበጥ ስላለ ብቻ ሰው አይሰበርም፣ ልምድ ያላቸው አንሺዎችም የላይኛውን ጀርባቸውን ሆን ብለው በመጠኑ አጉብጠው ሲያነሱ ታያላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሲጀምር ቀጥ ያለው የታችኛው ወገብ ባሩ ከተነሳ በኋላ መንገድ ላይ ሲታጠፍ ነው። ያን ጊዜ ክብደቱ ከአቅም በላይ ሆኗል፤ ባሩን መልሶ ማስቀመጥ ነው።

በባር ከመጀመራችሁ በፊት ያለ ክብደት ተለማመዱት። ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ አንድ ጫማ ያህል ራቁና ቁሙ። ጉልበታችሁን ላላ አድርጉና መቀመጫችሁ ግድግዳውን እስኪነካ ወደ ኋላ ግፉት። ሲቀላችሁ ትንሽ ወደ ፊት ራቁና ድገሙት። የኋላ ጭናችሁ ሲወጠር ከተሰማችሁ እንቅስቃሴው ገብቷችኋል፤ ወገባችሁ ብቻ ከተሰማችሁ ገና ነው። ከዚያ ቀጥ ያለ እንጨት ጀርባችሁ ላይ በቁመት ያዙ፤ የራስ ቅላችሁን ጀርባ፣ የላይኛውን ጀርባችሁንና ከመቀመጫ በላይ ያለውን አጥንት ይንካ። ስትታጠፉ እንጨቱ ከአንዱ ቦታ ከተላቀቀ አከርካሪያችሁ ቅርፁን ለውጧል ማለት ነው። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን እኔ ጀማሪ ሰው ይህን ሳይችል ፕሌት (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባውን ክብ ክብደት) ሲጭን ማየት አልወድም።

ወደ ባሩ ስትመጡ መጀመሪያ የምታዩት ከፍታውን ነው። ትልቁ ደረጃውን የጠበቀ ፕሌት ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ባሩ ከመሬት 22.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የተለመደው ባር ራሱ 20 ኪሎ ነው። ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ የሚጭነው ትንንሽ ፕሌት ነው፤ ያኔ ባሩ በጣም ዝቅ ይልና ዳሌው ያን ያህል መታጠፍ የማይችል ሰው የጎደለውን ከወገቡ ይሞላል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ከፕሌቶቹ ሥር ሌላ ፕሌት ወይም ጠንካራ ጣውላ አስገብቶ ባሩን ከፍ ማድረግ። ሶሉ ለስላሳ የሆነ የሩጫ ጫማ ደግሞ ከእግር ሥር እየሰመጠ ሚዛን ያሳጣል፤ ጠፍጣፋ ጫማ ይሻላል።

ባሩ ከጫማችሁ መሃል በላይ ይሁን፣ ከቅልጥማችሁ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ የራቀ። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ውረዱና ያዙት፤ ከዚያ ቅልጥማችሁ ባሩን እስኪነካ ጉልበታችሁን እጠፉ። ትከሻችሁ ከባሩ ትንሽ ቀደም ይላል። ብብታችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ባሩን ወደ ሰውነታችሁ ሳቡት፣ ምክንያቱም ከሰውነት በራቀ ቁጥር ያው ክብደት ወገብ ላይ ይከብዳል፤ ውኃ የሞላ ባልዲን እጅን ዘርግቶ መያዝና ከጭን አጠገብ መያዝ ያላቸውን ልዩነት ታውቁታላችሁ። መንጠቅ የለም። ክንዳችሁ ተወጥሮ ባሩ ሊነሳ ሲል እስኪሰማችሁ ሳቡና ከዚያ መሬቱን በእግራችሁ ግፉ። ላይ ስትደርሱ ቀጥ ብሎ መቆም በቂ ነው፣ ወደ ኋላ መለጠጥ ወገብን በከንቱ ያስጨንቃል። ስትመልሱም መጀመሪያ መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ባሩ ጉልበትን ካለፈ በኋላ ጉልበት ይታጠፋል።

ትንፋሽ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው፤ እኔ ግን የዚህ ሁሉ ግማሹ እሱ ነው እላለሁ። ከማንሳታችሁ በፊት ወደ ሆዳችሁ በደንብ ሳቡና ያዙት፣ ሆዳችሁንም አጠንክሩ። ሆድ ወደ ፊት ብቻ አይወጠርም፤ እጃችሁን ጎናችሁ ላይ ብታደርጉ ጣታችሁን ሲገፋ ሊሰማችሁ ይገባል። በሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት አከርካሪውን ከፊት በኩል ይደግፈዋል። ቀበቶም የሚጠቅመው ሆድ የሚገፋው ነገር ስለሚሰጠው ነው፤ ሆዱን ማጠንከር ላላወቀ ሰው ብዙም አይረዳም። ትንፋሽ መያዝ የደም ግፊትን ለአፍታ በጣም ስለሚጨምር ግፊት፣ የልብ ችግር ወይም ቡአ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ክብደት ስትጨምሩ አትቸኩሉ። 2.5 ወይም 5 ኪሎ ጨምሩና ፎርማችሁ (አነሳሳችሁ) ያው መሆኑን እዩ፤ እያንዳንዱን ዙርም ገና ሁለት ጊዜ ያህል ለማንሳት አቅም እያላችሁ ጨርሱት። በማግስቱ ጡንቻ ቢዝል የተለመደ ነው። ከወገብ ተነስቶ ወደ እግር የሚወርድ ስለታም ሕመም ወይም የእግር መደንዘዝ ግን ሐኪም ያስፈልገዋል። ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ወይም በጭናችሁ መሃል ከደነዘዛችሁ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ፎርማችሁን ለማየት ስልካችሁን በዳሌ ከፍታ ከጎን አስቀምጡና ቅረጹ። መስታወት አያዋጣም፣ ለማየት አንገት ማዞር ይጠይቃል። ቪዲዮው ላይ ባሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መሄዱን፣ ዳሌና ደረት አብረው መነሳታቸውን እዩ። ባሩ ገና መሬት ላይ እያለ መቀመጫ ቀድሞ ሽቅብ ከወጣ ወይ ሲጀመር ዳሌ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር፣ ወይ ክብደቱ በዝቷል። መጀመሪያ ዳሌውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ካልተስተካከለ ክብደት ቀንሱ።