የአሳማ የአንጀት ኮሮና ቫይረሶችና ተፈጥሯዊው የመከላከል አቅም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማና አካባቢዋ አሳማ የሚያረባ ገበሬ እምብዛም ስለሌለ፣ አብዛኛው ነዋሪ የአሳማን ዘር የሚያውቀው ከጫካ እየወጣ በቆሎውን በሚያወድመው ከርከሮ ነው። ያም ሆኖ የጥጃ ተቅማጥ ከሚያስከትሉት ተሕዋስያን አንዱ የአሳማ የአንጀት ኮሮና ቫይረሶች ዘመድ በመሆኑ፣ እንስሳት ሕክምና የሚማሩም ሆኑ የሚያክሙ ሰዎች እነዚህ ቫይረሶች ከሰውነት ተፈጥሯዊ መከላከያ እንዴት እንደሚያመልጡ በትክክል ሊያውቁ ይገባል።

«ኮሮና ከተባለ ያው ኮቪድ ነው»

አይደለም። የአሳማን አንጀት የሚያጠቁት ታዋቂ ኮሮና ቫይረሶች አራት ናቸው። ቲጂኢ (ተላላፊ የጨጓራና የአንጀት ብግነት) በ1946 በአሜሪካ ተገለጸ፤ ፒኢዲ (የአሳማ ወረርሽኝ ተቅማጥ) በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ታይቶ ቫይረሱ በ1978 በቤልጂየም ተለየ፤ ዴልታ ኮሮና ቫይረስ በ2012 ከሆንግ ኮንግ ተዘገበ፤ ከሌሊት ወፍ የመጣው ሳድስ (የአሳማ አጣዳፊ የተቅማጥ ሕመም) ደግሞ በ2016 እና 2017 በቻይናዋ ጓንግዶንግ ተከሰተ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የኮቪድ ቫይረስ ቤታ ከተባለው የኮሮና ቫይረሶች ወገን ሲሆን ከአራቱ አንዱም የዚያ ወገን አይደለም። ከአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ጋር ማምታታትም የባሰ ስሕተት ነው፤ የእርሱ የዘር መረጃ በዲኤንኤ፣ የኮሮናዎቹ ግን በአር ኤን ኤ የተያዘ ነውና። ፒኢዲና ቲጂኢ ሰውን እንደሚያሳምሙ አይታወቅም፤ ዴልታው ግን በሄይቲ በሦስት ሕፃናት መገኘቱ በ2021 ታትሟል።

«ከመከላከያው ማምለጥ ማለት መደበቅ ነው»

መደበቅ የሥራው ጅማሬ ብቻ ነው። ቫይረሱ ሲባዛ ባለ ሁለት ሰንሰለት አር ኤን ኤ ይፈጠራል፤ ሪግ-አይ እና ኤምዲኤ5 የተባሉት የሕዋሱ ጠቋሚዎችም ይህንኑ ባዕድ ነገር ይለያሉ። ቫይረሱ በበኩሉ ብዜቱን ባለ ድርብ ሽፋን ከረጢት ውስጥ ያካሂዳል፤ ኤንኤስፒ15 በተባለው ፕሮቲኑ ጠቋሚዎቹን የሚያነቃውን የአር ኤን ኤ ክፍል ይቆራርጣል፤ በኤንኤስፒ16 ደግሞ የአር ኤን ኤውን ጫፍ የሕዋሱን እንዲመስል ያደርጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጠቋሚዎቹ ሊነቁ ስለሚችሉ፣ ዋናው ትግል መልእክቱ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ነው፤ ማታ ማማ ላይ ሆኖ በቆሎ የሚጠብቅ ሰው ከርከሮውን ቢያየውም ጩኸቱ ሰፈር ካልደረሰ ማየቱ ብቻውን እንደማይፈይድ ማለት ነው። የፒኢዲ ኤንኤስፒ5 ኔሞ የተባለውን አስተላላፊ ፕሮቲን ይቆርጠዋል፤ ኤን የተሰኘው ፕሮቲኑ መልእክቱን የሚቀባበሉት ቲቢኬ1 እና አይአርኤፍ3 የተባሉ ፕሮቲኖች እንዳይገናኙ ያግዳል፤ ኤንኤስፒ1 ደግሞ በሕዋሱ እምብርት (ኒውክለስ) ውስጥ ኢንተርፌሮን የተባለው፣ ሕዋሳትን ለመከላከል የሚያነቃ ፕሮቲን እንዲመረት የሚያግዘው ሲቢፒ እንዲፈራርስ ያደርጋል። ኢንተርፌሮን ተመርቶ ቢወጣ እንኳ ተቀባዩ ሕዋስ እንዳይታዘዘው ፒኢዲ የኢንተርፌሮንን ትእዛዝ በሕዋሱ ውስጥ ከሚያደርሱት ፕሮቲኖች አንዱን፣ ስታት1ን፣ ያስወግዳል፤ ዴልታው ደግሞ ሌላኛውን፣ ስታት2ን፣ ይቆርጣል። አራቱ ቫይረሶች አንድ ዓይነት መሣሪያ እንዳላቸው አድርጎ መጻፍም አያስኬድም፤ ዴልታው ኤንኤስፒ1 ጨርሶ የለውም፣ ይልቁንም ኤንኤስ6 በተባለው ፕሮቲኑ ጠቋሚዎቹን ራሳቸውን ይይዛቸዋል።

«በተያዘ አንጀት ውስጥ ኢንተርፌሮን አይገኝም»

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በቲጂኢ የታመሙ አዲስ የተወለዱ የአሳማ ግልገሎች አንጀት ውስጥ አንደኛው የኢንተርፌሮን ዓይነት፣ ኢንተርፌሮን-አልፋ፣ በብዛት ተገኝቷል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ኢንተርፌሮን መኖር አለመኖሩ ሳይሆን መቼ፣ የት እና የትኛው ዓይነት እንደደረሰ ነው። በአሳማ የአንጀት ሕዋሳት ላይ በተደረገ ሙከራ ፒኢዲን ይበልጥ የገታው ኢንተርፌሮን-ላምዳ እንጂ አልፋ አልነበረም፤ አልፋን ብቻ ለክቶ ስለ አንጀት መከላከያ መፍረድ እንግዲህ ጎደሎ ፍርድ ነው።

«ግልገሉ የሚሞተው መከላከያው ስለጠፋ ነው»

የሚገድለው በዋናነት የውኃ እጥረት ነው። ቫይረሱ ምግብ መጣጩን የአንጀት ሽፋን ሲያወድም ወተቱ ሳይዋሃድ ይወርዳል፤ ውኃና ጨውም አብሮ ይወጣል። የሦስት ሳምንት ግልገል ያንን ሽፋን በሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲተካ፣ አዲስ የተወለደው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈጅበታል፤ የማንቂያው መዘግየት ጉዳቱ የሚከፋውም እዚህ ላይ ነው። በሽታው ከዚህ በፊት ባልገባበት መንጋ ከሳምንት በታች ካሉት ግልገሎች የሚሞቱት እስከ 100 በመቶ ሊደርሱ ሲችሉ፣ ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ይድናሉ። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካም።

«እናቲቱን በመርፌ መከተብ ይበቃል»

የአሳማ የእንግዴ ልጅ አንቲቦዲ (ተሕዋስያንን የሚከላከል የደም ፕሮቲን) ወደ ጽንሱ ስለማያሳልፍ ግልገሉ የሚጠበቀው በእንገርና በወተት ነው። አንጀቱን የሚጠብቀው በወተት የሚመጣው አይጂኤ የተባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ሲሆን፣ እርሱም በደንብ የሚመረተው የእናቲቱ አንጀት ቀድሞ ከቫይረሱ ጋር ከተገናኘ ነው፤ ከዚያ ውጭ በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ በደሟ ውስጥ አንቲቦዲ ቢያበዛም በወተቷ ውስጥ የሚያኖረው አይጂኤ ጥቂት ነው። ይህን ሕግ ግን በጅማ ለምናክማት ላም እንዳለ መገልበጥ አይገባም፦ የላም እንገር ዋና አንቲቦዲ አይጂጂ1 በመሆኑና ይህም ከደሟ ወደ ጡቷ ስለሚሻገር፣ በእርግዝናዋ መጨረሻ የሚሰጣት የኮሮና ክትባት እንገር በጊዜው ለሚጠባ ጥጃ ይጠቅማል።